ሜዳው ላይ የመጀመሪያው ዓመት፦ ነብራስካና ካንሳስ የሰፈሩት ቤተሰቦች እንዴት ነው የከረሙት?

የጭነት_መንገደኛ
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ትራክ ነጂ ነኝ። አብዛኛው መስመሬ ኢንተርስቴት 80 ነው፣ ከሺካጎ ወደ ዴንቨር። ነብራስካን የነዳባት ያውቃታል፦ ሜዳ፣ ከዚያ ሌላ ሜዳ። ባለፈው ዊንተር ከርኒ አካባቢ መንገዱ በበረዶ ውሽንፍር ተዘግቶ ትራክ ውስጥ አደርኩ። ማሞቂያው እየሠራ፣ ስልኬ ቻርጅ እየሆነ፣ ስንቄ አጠገቤ ሆኖ እንኳ ነፋሱ ሲንጠኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ታዲያ ከ150 ዓመት በፊት ሚስቱንና ልጆቹን በጋሪ ጭኖ እዚህ ሜዳ ላይ የወረደ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት ተወጣው? ዛፍ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ጎረቤት የለ። ምን በልተው፣ ምን አንድደው፣ የት ገብተው?

"መንግሥት መሬት በነፃ አደላቸው" ሲባል ብቻ ነው የምሰማው። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ። የፊልሙን ሳይሆን የእውነቱን።

መምህር_ዘታሪክ
ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሕጉ ሆምስቴድ አክት ይባላል። ፕሬዝዳንት ሊንከን በሜይ 1862 ፈረመው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዕድሜህ 21 ከሞላ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ ከሆንክ፣ ዜጋ ከሆንክ ወይም ዜጋ ለመሆን ካመለከትክ፣ በአሜሪካ መንግሥት ላይ ጠመንጃ አንስተህ ካላወቅህ፣ 160 ኤከር ታስመዘግባለህ። 65 ሄክታር ገደማ ነው። በድሮው በእኛ ልክ አንድ ጋሻ ተኩል አለፍ ይላል። ቤት ትሠራበታለህ፣ ታርሰዋለህ፣ 5 ዓመት ትኖርበታለህ። ከዚያ ሁለት ምስክር ይዘህ ትሄድና የባለቤትነት ወረቀትህን ትወስዳለህ። የመዝገብ ክፍያው ሁሉ ተደምሮ 18 ዶላር ነበር። አምስት ዓመት አልጠብቅም ያለ 6 ወር ኖሮበት በኤከር 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከፍሎ ይገዛዋል።

የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ተብሎ የሚታወቀው ዳንኤል ፍሪማን ነው፣ ነብራስካ ውስጥ ቢያትሪስ አጠገብ። ሕጉ በጸናበት ሌሊት እኩለ ሌሊት እንዳለፈ የመሬት ቢሮውን ሠራተኛ ለምኖ አስከፍቶ ተመዘገበ ይባላል።

አሁን "ነፃ" ወደምትለው እንምጣ። 18 ዶላር ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ሜዳው ላይ በረሃብ ያልቃል። በሬ ወይም ፈረስ፣ ማረሻ፣ ጋሪ፣ ምድጃ፣ ዘር ያስፈልገዋል፣ ከሁሉም በላይ ምርት እስኪደርስ የሚበላ። ይኼ ሁሉ ብዙ መቶ ዶላር ነው። ለዚህ ነው የኒውዮርክ የፋብሪካ ድሃ ነቅሎ ያልሄደው። የሄደው ባብዛኛው ሌላ ቦታ ያረሰ ወይም የገበሬ ልጅ ነው። ጥሩ ጥሩው መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ የባቡር ኩባንያዎቹ ነበር። ሃዲድ ዘርጉ ተብለው ከመንገዱ ግራና ቀኝ መሬት ተሰጥቷቸዋል፣ እነሱ ይቸበችቡታል። በዚያ ክልል በቀረው የመንግሥት መሬት ላይ ደግሞ እስከ 1879 ድረስ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው 80 ኤከር ብቻ ነበር። ከሃዲዱ ርቀህ ብትሰፍር መሬቱ ይሰፋልሃል፣ ግን እህልህን ገበያ ማድረሻ የለህም። የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ ከድንጋይ ከሰል ይረክሳል ብለው ምድጃ ውስጥ የማገዱት አሉ።

ጋሽ_ገበሬው
ልጆቼ፣ እኔ አርሲ ነው ያደግሁት፣ በሬ ጠምጄ አርሻለሁ። ታርሶ የማያውቅ ጨፌ መስበር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን የሳር ሥር በምን ማረሻ ነው የሰበሩት? አንድ ጥንድ በሬማ አይችለውም።

መምህር_ዘታሪክ
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ አንድ ጥንድ አይችለውም። ለመጀመሪያው እርሻ ሁለትም ሦስትም አራትም ጥንድ ይጠምዱ ነበር። የሌለው ለሚያርስ ሰው ከፍሎ ያሳርሳል። የሳሩ ሥር ተጠላልፎ ወደ ታች የሚወርድ ነው፣ አንዳንዱ ዓይነት ከሰው ቁመት በላይ። ከምሥራቅ ያመጡት የብረት ማረሻ ደግሞ ጥቁሩ አፈር እየተጣበቀበት በየጥቂት እርምጃው ቆመው ይፍቁታል። በ1837 ኢሊኖይ ውስጥ ጆን ዲር የሚባል አንጥረኛ ፊቱ የተወለወለ የአረብ ብረት ማረሻ ሠራ፣ አፈሩ ላዩ ላይ ተንሸራቶ ይወድቃል። ዛሬ በየእርሻው የምናየው አረንጓዴው ትራክተር ስሙን የወሰደው ከዚህ ሰውዬ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ ግን እንደ ወጉ እርሻ አይባልም። ጥቂት ኤከር ይገለብጣሉ። የተገለበጠው ሳር ገና አልበሰበሰም፣ አይከሰከስም። ስለዚህ በመጥረቢያ ሰንጠቅ እያደረጉ በቆሎ ይጥሉበታል፣ በእግራቸው ረገጥ አድርገው ያልፋሉ። የሚገኘው ትንሽ ነው፣ ለከብቱም ለሰውም።

ቢራቢሮ21
መምህር እናመሰግናለን ግን ሁሉም ነገር ሰውየው አረሰ፣ ሰውየው ተመዘገበ ነው። ሴትዮዋስ? ደግሞ የት እንደሚያድሩ ማንም አልመለሰም።

የሱፎልስዋ
ቢራቢሮ እኔ ልመልስልሽ። ሳውዝ ዳኮታ ሱፎልስ ነው የምኖረው፣ ልጆቼን ይዤ አንድ ሙዚየም ውስጥ እንደ ድሮው የሠሩትን ቤት አይቻለሁ። የሳር አፈር ቤት ነው። ማለቴ ጣራው ሳር የሆነ የኛ ዓይነት አይደለም፣ ግድግዳው ራሱ ሳር ነው። ሜዳውን በልዩ ማረሻ እንደ ረጅም ቀበቶ ይገሽልጡታል፣ ስፋቱ አንድ ጫማ፣ ውፍረቱ አራት ጣት ያህል። ያንን በአካፋ እየቆራረጡ ሳሩን ወደ ታች ደፍተው እንደ ጡብ ይደረድሩታል። ሥሩ አፈሩን ስለያዘው አይፈርስም። ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ያህል ይወፍራል፣ መስኮቱ ላይ ልጄ ሙሉ ለሙሉ ወጥታ ቁጭ አለችበት። እጄን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ከውጭ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ። በብርድ ጊዜ ደግሞ ያሞቃል አሉን።

ችግሩ ጣራው ነው። ከወንዝ ዳር የተገኘች ግንድ መሃል ላይ ትጋደማለች፣ ጭራሮ ይረበረብባታል፣ ሳር፣ ከዚያ ያው አፈር። ዝናብ ሲመጣ ያፈስሳል፣ ውጭ ካባራ በኋላ እንኳ ውስጥ መንጠባጠቡ አይቆምም። ሴቶቹ ወጥ ሲሠሩ አንዷ ጃንጥላ ትይዝ ነበር ይባላል። ከጣራው ሥር ነጭ አቡጀዲ ይወጥራሉ፣ አፈሩ፣ አይጡ፣ እባቡ ሁሉ ድስት ውስጥ እንዳይወድቅ።

ስለ ሴትዮዋ ደግሞ፦ ገንዘብ ሲያልቅ ባል ባቡር ሃዲድ ሥራ ወይም ሩቅ አገር አጨዳ ይሄዳል። ለወራት። መሬቱን ለቅቀህ ሄድክ ተብሎ ሌላ ሰው እንዳይመዘገብበት ቤቱ ውስጥ ሰው መኖር አለበት። እና ማን ይኖራል? እሷ ከነልጆቿ። ውኃ ከወንዝ በበርሜል እየቀዳች፣ ላም እያለበች፣ ቅቤና እንቁላል ሸጣ የቤቱን ስኳርና ቡና እየቻለች። የበሬውን ወሬ ሁሉም ያወራል፣ የቅቤዋን ማንም አያነሳም።

ቢራቢሮ21
@የሱፎልስዋ አቦ ተባረኪ! በስሟስ መሬት መውሰድ ትችል ነበር?

የሱፎልስዋ
ያላገባች፣ ባል የሞተባት ወይም የፈታች ትችላለች። ባለትዳር በስሟ አትችልም። በ1886 ነብራስካ ከስተር ካውንቲ ውስጥ ሰለሞን ቡቸር የሚባል ፎቶ አንሺ ያነሳቸው ክሪስማን የሚባሉ አራት እህትማማቾች አሉ፣ በየስማቸው ነው መሬት የያዙት። ፎቶውን ፈልጊው፣ ከአፈር ቤቱ ፊት ለፊት ቆመዋል። ይኸው ቡቸር ያነሳው ሌላ ቤተሰብ ደግሞ የአፈር ቤታችን ለዘመድ አይታይብን ብለው ኦርጋናቸውን ሜዳ ላይ አውጥተው ነው የተነሱት፣ ቤቱን ከጀርባ ትተው ማለት ነው። አሁን ዲሲ ሊሞ መኪና ተደግፎ ፎቶ ተነስቶ አገር ቤት የሚልከውን ወንድማችንን አስታወሰኝ 😂

አቦሰጥ
😂😂 በስም አትጥሪኝ እንጂ።

እሺ ማገዶስ? እንጨት የለም ተባለ።

መምህር_ዘታሪክ
ኩበት።

አቦሰጥ
እውነት ነው ወይስ እየቀለድክ ነው?

መምህር_ዘታሪክ
ምን ያስቀልደኛል። ባይሰን የሚሉት የአሜሪካ ጎሽ ሜዳውን ሞልቶት ስለነበር የደረቀው ፋንድያው በየቦታው ተበትኗል። ከምሥራቅ ከተማ የመጡት ወይዛዝርት መጀመሪያ በሁለት እንጨት ቆንጥጠው ነበር የሚያነሱት፣ ቀጥሎ በጨርቅ፣ ቀጥሎ በሽርጥ፣ በመጨረሻ በባዶ እጅ እየማገዱ ያንኑ እጅ ሳይታጠቡ ሊጥ ወደማቡካት ገቡ ብለው ራሳቸው እየሳቁ ጽፈውታል። ጎሹ ሲያልቅ የላሙን ለቀሙ። እሱም ሲጠፋ ሳር እየጎነጎኑ ያነድዳሉ፣ ግን ሳር ቶሎ ስለሚነድ አንድ ሰው ምድጃው አጠገብ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ሲማግድ ይውላል።

ጋሽ_ገበሬው
ይኼንን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ "ታዲያ እኛን ለምን ኋላ ቀር አሉን" አለች።

ነፃነት_ሚኒሶታ
ቆይ ቆይ። ጥሩ ጨዋታ ነው ግን "ጎረቤት የለ፣ ሰው የሌለበት ሜዳ" እየተባለ ነው የተጀመረው፣ እሱን ማስተካከል አለብን። ሜዳው ባዶ አልነበረም። ነብራስካ ፖኒ የሚባሉ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አገር ነው። በቆሎና ዱባ ያርሱ ነበር፣ በዓመት ሁለቴ ጎሽ አደን ይወጡ ነበር፣ ቤታቸውም ትልቅ ክብ የአፈር ቤት ነው። አፈር ለብሶ መኖርን ሰፋሪዎቹ አልፈጠሩትም። በውል በውል መሬታቸው ተቆርጦ አልቆ በ1870ዎቹ አጋማሽ ወደ ኦክላሆማ ተላኩ።

እዚህ እኔ ባለሁበት ሚኒሶታ ደግሞ፣ በውል የተገባላቸው ገንዘብና ቀለብ ዘግይቶባቸው የተራቡት ዳኮታ የሚባሉት ቀደምት ሕዝቦች በ1862 ተነሱ። ዲሴምበር 26 ቀን 1862 ማንኬቶ ከተማ ላይ 38 ዳኮታ በአንድ መድረክ ተሰቀለ። መምህር የነገረን ዳንኤል ፍሪማን የተመዘገበው ከዚህ ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

የጭነት_መንገደኛ
ይኼንን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

አቦሰጥ
እውነቱ ይነገር፣ ግን ያ ከኖርዌይ ወይ ከቦሂሚያ ተርቦ የመጣ ምስኪን ገበሬ ምን ያውቃል? ቢሮ ሄደ፣ ወረቀት ሰጡት፣ ገባ።

የፓዌ_ልጅ
እኔ በዚህ ላይ የምለው አለኝ። ወላጆቼ ወሎ ነበሩ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ (በኛ አቆጣጠር) በሰፈራ ተጭነው መተከል ወረዱ፣ እኔ ፓዌ ነው የተወለድኩት። ያኔ ወደ 600 ሺህ ሰው ነው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው። እናቴ ስለ መጀመሪያው ዓመት ስትናገር ሙቀቱንና ወባውን ነው የምታነሳው። አባቴ ደግሞ በሬውን። ቆላው ላይ ገንዲ አለ፣ የቆላ ዝንቡ የነደፈው በሬ እየከሳ ይሞታል። በትራክተር ይታረስላችኋል ተባለ፣ ትራክተሩ ሲቆም ሁሉም ነገር ቆመ። ደገኛ ገበሬ ያለ በሬ ምን ያደርጋል?

አቦሰጥ ምስኪን ያልከውን ገበሬ አውቀዋለሁ፣ አባቴ ነው። ግን መሬቱ የጉሙዞች ነበር። ያድኑበት ነበር፣ ማር ይቆርጡበት ነበር፣ እያፈራረቁ ያርሱት ነበር። አባቴ ባዶ ነው ተብሎ ነው የተነገረው። የተራበ ሰው የሰጡትን መሬት የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ያንን አልፈርድበትም። የሰጠው አካል ግን ያውቅ ነበር።

ነፃነት_ሚኒሶታ
ወንድሜ ለወላጆችህ አዝናለሁ፣ ግን ልዩነቱን አንርሳው። የአሜሪካው ሰፋሪ ወዶ ነው የሄደው። ካልተመቸው ጋሪውን አዙሮ ይመለሳል። የናንተዎቹን በግድ የጫኗቸው አሉ፣ ቤተሰብ ተለያይቷል፣ መውጣት የሚባል የለም። አንድ ላይ ማስቀመጥ ይከብደኛል።

የፓዌ_ልጅ
ሰፋሪዎቹ አንድ ናቸው አላልኩም። ቀድሞ የነበረው ሰው ዕጣ ነው ያመሳሰልኩት። ጉሙዙም ፖኒውም "ፈቅደሃል ወይ" አልተባለም።

መምህር_ዘታሪክ
ሁለታችሁም ጥሩ ነጥብ አላችሁ፣ እኔ ግን የፓዌን ልጅ እደግፋለሁ። "ጋሪውን አዙሮ ይመለሳል" የሚለውም ቢሆን አባባሉ ይቀላል። በ1874 በጋ ላይ የሮኪ ተራራ አንበጣ መጣ። ፀሐይ ጋረደ። በቆሎውን፣ ሽንኩርቱን ከመሬት ውስጥ ቀዳዳ እስኪተው ድረስ፣ አልበቃ ብሎት የፈረስ ዕቃውን ቆዳ፣ የዶማውን እጀታ የሰው ላብ ስለነካው እየጋጠ፣ አትክልቱን ያድናል ተብሎ የተደረበበትን ብርድ ልብስ ጭምር በላ። በኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የኛን አገር አንበጣ ያየ ሰው ይገባዋል። ብዙው ሰው ተመለሰ፣ ሊመለስም አቅም ያጣው የሠራዊቱን ትርፍ ካፖርትና ጫማ በእርዳታ ለብሶ ከረመ። አስገራሚው ነገር ያ የአንበጣ ዘር ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ከምድር ጠፋ፣ በሕይወት የተያዘው የመጨረሻው በ1902 ነው።

ከዚያ ጃንዋሪ 12 ቀን 1888። ጠዋቱ ለወቅቱ የሚገርም ሙቀት ነበረው፣ ልጆች ካፖርት ሳይደርቡ ትምህርት ቤት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የበረዶ ውሽንፍሩ በደቂቃዎች ውስጥ ወረደ፣ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲሄዱ የነበሩ ልጆች ናቸው።

ቢራቢሮ21
😢 እኔ በቃኝ፣ እዚያ አልሄድም።

ዊቺታ_ነኝ
ካንሳስ ስሟ ሲነሳ ዝም አልልም። ስለ ኒቆዲሞስ ማንም አልጻፈም? በ1877 ከኬንታኪ የመጡ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች የመሠረቱት ሰፈር ነው። ማስታወቂያው ለም መሬት፣ ብዙ አደን፣ ጥሩ ከተማ ይል ነበር። ከባቡር ወርደው ቀናት ተጉዘው ሲደርሱ ወንዶቹ "ያቻት ኒቆዲሞስ" ይላሉ። ዊሊያና ሂክማን የምትባለው ሴት ዞር ብላ ብታይ ከመሬት ውስጥ ጭስ ሲወጣ ብቻ ነው ያየችው። ሰዉ ጉድጓድ ቆፍሮ ውስጡ ነበር የሚኖረው። አለቀስኩ ብላ ነው ያወራችው። ከመጡት አንዳንዱ ተመለሰ።

የቀሩት ግን ቀሩ። በሬ የሌላቸው በአካፋና በዶማ መሬት ገለበጡ። በዚያ የመጀመሪያ ዊንተር ከአደን ሲመለሱ የነበሩ ኦሴጅ የሚባሉ ቀደምት ሕዝቦች ሥጋ አካፍለዋቸው ነው ያለፉት ይባላል። ይኼም የታሪኩ አካል ነው፣ @ነፃነት_ሚኒሶታ። በኋላ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ሁለት ጋዜጣ ነበራት። በ1888 ባቡሩ ከወንዙ ማዶ አለፈ። ነጋዴው ሱቁን ነቅሎ ሃዲዱን ተከተለ፣ ከተማዋ ቀጨጨች። ዛሬም ጥቂት ሰው አለባት፣ በብሔራዊ ታሪካዊ ቦታነት ተመዝግባለች፣ በየዓመቱ ጁላይ መጨረሻ ላይ የሰፋሪዎቹ ልጅ ልጆች ከያሉበት ይሰበሰባሉ። እኔ ሄጄ አብሬ በልቻለሁ።

ነፃነት_ሚኒሶታ
ይኼኛውን አላነበብኩም ነበር። ደስ ይላል፣ ያሳዝናልም።

የጭነት_መንገደኛ
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ለማየት የት ልቁም? ትራክ ማቆሚያ ያለበት ቢሆን ይመረጣል 😅

ዊቺታ_ነኝ
ኒቆዲሞስ ከኢንተርስቴት 70 በስተሰሜን ነው፣ ዩኤስ 24 ላይ። ባዶህን ስትሄድ ይሻላል፣ ጭነት ይዘህ አትጠምዘዝ።

መምህር_ዘታሪክ
የፍሪማን መሬት ዛሬ ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ነው፣ ከሊንከን ከተማ ወደ ደቡብ ዝቅ ብለህ ቢያትሪስ ትደርሳለህ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ምዕራብ። ተመልሶ የተተከለ ረጅሙ ሳርም አለ፣ በበጋው መጨረሻ ብትሄድ ከቁመትህ ይበልጣል። ሕጉ በጠቅላላው ወደ 270 ሚሊዮን ኤከር ለሰው አስተላልፏል፣ ከአሜሪካ መሬት አሥር በመቶ ገደማ። አላስካ ላይ እስከ 1986 ይሠራበት ነበር።

ጋሽ_ገበሬው
መምህር፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መጀመሪያ በቆሎ ነው አልክ። ካንሳስ ግን ዛሬ የስንዴ አገር ነው። ስንዴው ከየት መጣ?

መምህር_ዘታሪክ
ጋሼ፣ በ1874 ከደቡብ ሩሲያ፣ ዛሬ ዩክሬን ከምንለው አገር፣ ሜኖናይት የሚባሉ ጀርመንኛ ተናጋሪ ገበሬዎች መጡ። ይዘውት የመጡት ዘር የቱርክ ቀይ ይባላል። በመኸር ተዘርቶ፣ በረዶ ሥር ከርሞ፣ የበጋው ሐሩር ሳይመጣ ይታጨዳል። አንበጣውም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከእሱ በኋላ ነው። ቀድሞ የነበረው የጸደይ ስንዴ ያንን አይችልም ነበር። ወፍጮዎቹ መጀመሪያ ጠንካራ ነው ብለው አልወደዱትም፣ በኋላ የብረት ወፍጮ ሲመጣ ተስማማቸው።

ጋሽ_ገበሬው
ዘሩ ዛሬም ይገኛል? ልጄ ኮሎራዶ ትንሽ መሬት አለው።

ዊቺታ_ነኝ
ይገኛል ጋሼ። እዚህ ካንሳስ ለዘሩ ብለው ጥቂት በጥቂት የሚዘሩ ገበሬዎች አሉ። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ይተኛል እንጂ ዳቦው ቆንጆ ነው። በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ አገናኝዎታለሁ።